የዞረ ሒሳብ፦ ብዙ መዝገብን በገጽ ከፋፍሎ የማንበብ ታሪክና ለትምህርታችን ያለው ጠቀሜታ

መግቢያ

መዝገብ ሲበዛ በአንድ ገጽ አይጻፍም፤ በአንድ ትንፋሽም አይነበብም። ስለዚህ መዝገብ ያዥ ሁሉ በየዘመኑ ሁለት ጥያቄዎች ተደቅነውበታል። የመጀመሪያው፣ እርስ በርሳቸው የሚዛመዱትን ጽሑፎች በምን ቅደም ተከተል ላስቀምጣቸው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ አንዱ ገጽ አልቆ ወደ ሌላው ስሻገር አንድም ሳይዘለል፣ አንድም ሳይደገም እንዴት ልቀጥል የሚል ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ በትምህርት ቤት በሰፊው ይወሳል። ሁለተኛው ግን ቀላል መስሎ ስለሚታይ አብዛኛውን ጊዜ ሳይነሣ ይታለፋል። ሆኖም አንድ ሰው ከመዝገብ የሚጠፋው በገጹ መካከል ብቻ አይደለም፤ በገጽና በገጽ መጋጠሚያ ላይም ይጠፋል። የዚህኛው ጥፋት ክፋቱ ዐይን ሳያየው ማለፉ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሁለተኛውን ጥያቄ ታሪክ በአጭሩ ለመመርመር የተዘጋጀ ነው። መነሻው በአዲስ አበባ የሚገኘው የመርካቶ ገበያ ነው። ከዚያም የብራናውን ወንጌል፣ የነጋዴውን ሌጀርና የቀበሌውን የቤት መዝገብ አልፎ በዘመናችን ኮምፒዩተሮች ውስጥ ወደሚሠራበት የቁልፍና እሴት የመረጃ ቋት ይደርሳል። በመጨረሻም ጉዳዩ በመምህራን ማሠልጠኛና በትምህርት ክፍል እንዴት ሊቀርብ እንደሚችል አንድ ሐሳብ ይሰነዝራል። ጽሑፉ ሊያስረዳ የሚሞክረው ነጥብ አንድ ነው፤ ገጽ የመያዣው ጠባይ እንጂ የመዝገቡ ጠባይ አይደለም። ስለዚህ ንባብ የሚቀጥልበት ምልክት እስካሁን የተቆጠረው ብዛት ሳይሆን በመጨረሻ የተነበበው መዝገብ መለያ ሊሆን ይገባል።

1. ተራ

የአዲስ አበባ ዋና ገበያ ቀድሞ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ይውል ነበር። ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ዘመን የከተማው አሠፋፈር በዘር እንዲለይ ሲታቀድ፣ የኢትዮጵያውያን ገበያ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ አዲስ ከተማ ወደሚባለው ሥፍራ እንዲዛወር ተደረገ። መርካቶ የሚለው ስም ራሱ በኢጣልያንኛ ገበያ ማለት ነው። ስሙ ባዕድ ይሁን እንጂ የውስጡ አደረጃጀት የሚጠራበት ቃል የራሳችን ነው፤ ሸማ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ምናለሽ ተራ እየተባለ ይጠራል።

ተራ የሚለው ቃል ሁለት ትርጉሞችን አጣምሮ ይይዛል። አንደኛው ጎን ለጎን የተደረደረ መስመር ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ አንዱ ከሌላው ቀጥሎ የሚደርስበት ጊዜ፣ ማለትም ተረኝነት ነው። የመዝገብ ሥራም እነዚህን ሁለቱን ይሻል፤ መደርደርንና መቀጠልን። መርካቶ ገብቶ አንድ ሱቅ የሚፈልግ ሰው ገበያውን በሙሉ አያስስም። በመጀመሪያ ተራውን ይጠይቃል፤ ተራው ውስጥ ከገባ በኋላ ሱቁን ይፈልጋል። አድራሻው በሁለት ክፍል የተሠራ ነው ማለት ነው፤ አንደኛው የወገኑ ስም፣ ሁለተኛው በወገኑ ውስጥ ያለው ቦታ።

አመላካቹ ደግሞ በአብዛኛው «ከእገሌ ሱቅ ቀጥሎ ያለው» ይላል እንጂ «ሃያ ሦስተኛው ሱቅ» አይልም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በመርካቶ አንድ ሱቅ ለሁለት ይከፈላል፤ ሁለት ሱቆች ግድግዳቸው ፈርሶ አንድ ይሆናሉ። ትናንት ሃያ ሦስተኛ የነበረው ዛሬ ሃያ አራተኛ ሊሆን ይችላል። የእገሌ ጎረቤት ግን ከእርሱ በፊት ስንት ሱቅ ተጨመረ ተቀነሰ ሳይባል የእገሌ ጎረቤት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ በዚህ ተራ አነጋገር ውስጥ ይገኛል።

2. የወንጌሉ ቁጥር

ብልሃቱ በገበያ የተጀመረ አይደለም። በአገራችን ከሚገኙት ጥንታዊ መጻሕፍት ውስጥ በዓድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም የሚጠበቁት ወንጌሎች ቀደምትነት አላቸው። በብራናቸው ላይ የተደረገው የራዲዮ ካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ምእተ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ያስቀምጣቸዋል። በእነዚህ ወንጌሎች መግቢያ ላይ በአዕማድና በቅስት ያጌጡ ሠንጠረዦች ይታያሉ። ሠንጠረዦቹ የቂሣርያው ኤጲስ ቆጶስ አውሳብዮስ ያዘጋጃቸው የወንጌላት ማመሳከሪያዎች ናቸው፤ ቁጥራቸውም 10 ነው።

አውሳብዮስ የገጠመው ችግር የሚከተለው ነበር። በአራቱ ወንጌላት ተመሳሳይ ታሪክ የሚናገሩትን ክፍሎች ለአንባቢ ማመልከት ፈለገ። ይሁን እንጂ መጻሕፍቱ በእጅ የሚገለበጡ ስለ ነበሩ የሁለት ቅጅዎች ገጽ አይገጥምም። የአንዱ ጸሐፊ ፊደል ይደልባል፤ የሌላው ይቀጥናል፤ የአንዱ ብራና ሰፊ ነው፤ የሌላው ጠባብ። «በ40ኛው ገጽ ተመልከት» ቢባል ምልክቱ የሚሠራው ለአንድ ቅጅ ብቻ ነው። ስለዚህ የጽሑፉን ክፍሎች ራሳቸውን ቆጠራቸው፤ በእርሱ አከፋፈል የማቴዎስ ወንጌል ብቻ 355 ክፍሎች አሉት። ቁጥሩ በክፍሉ ጠርዝ ላይ ስለሚጻፍ ክፍሉ በየትኛውም ገጽ ላይ ቢውል አብሮት ይሄዳል። አመልካቹ ከመያዣው ተላቅቆ ከተያዘው ነገር ጋር ተቆራኘ ማለት ነው።

የአገራችን ጸሐፍትና ደጓሾችም ይህንኑ ጥንቃቄ በሌላ መልክ ይዘውት ቆይተዋል። በብራና መጻሕፍት የሚቆጠረው በልማድ እያንዳንዱ ገጽ ሳይሆን ጥራዙ ነበር። መጽሐፉ ስፌቱ ተፈትቶ እንደ ገና ሲደጐስ ጥራዞቹ በግእዝ ቁጥራቸው ተራቸውን ይዘው ይመለሳሉ። በቅጠሎቹ ጠርዝ ላይ የሚሰፉት ባለ ቀለም ክሮች ደግሞ አንባቢው የሚፈልገውን ንባብ ሳይቆጥር እንዲያገኝ ይረዱታል። ክሩ የተሰፋው ንባቡ ባለበት ቅጠል ላይ ስለ ሆነ ከእርሱ በፊት ያለው የቅጠል ብዛት አያሳስበውም።

3. የነጋዴው ሌጀር

ከብራናው ወደ ንግዱ መዝገብ ስንመለስ ጥያቄው የገንዘብ ጥያቄ ይሆናል። ሉካ ፓቾሊ የተባለው ኢጣልያዊ መነኩሴና የሒሳብ መምህር እ.ኤ.አ. በ1494 በቬኒስ ባሳተመው መጽሐፍ የነጋዴዎችን የመዝገብ አያያዝ በዝርዝር አስረድቷል። በዚያ ውስጥ ሁለት ነገሮች ለጉዳያችን ይጠቅማሉ። አንደኛው ዋናው መዝገብ በፊደል ተራ የተዘጋጀ የስም ማውጫ ሊኖረው እንደሚገባ መናገሩ ነው። ሁለተኛው የአንድ ደንበኛ ገጽ ሲሞላ ሒሳቡ ወደ ሌላ ገጽ እንዴት እንደሚሻገር ማስተማሩ ነው።

ይህ ሥርዓት በዱቤ የሚሸጥ የመርካቶ ነጋዴ ከሚይዘው ደብተር ጋር አንድ ነው። ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ገጽ ይመደባል። የአንዱ ደንበኛ ዱቤ በዝቶ ገጽ 14 ቢሞላ ቀጣዩ ገጽ 15 ምናልባት የሌላ ደንበኛ ነው። ስለዚህ ባዶ የሆነው ገጽ 87 ይሰጠዋል። በገጽ 14 ግርጌ «ወደ ገጽ 87 የዞረ» ተብሎ ይጻፋል፤ በገጽ 87 ራስጌ ደግሞ «ከገጽ 14 የዞረ» ተብሎ ቀሪው ሒሳብ ይሰፍራል። ሁለቱ ምልክቶች እንደ ድልድይ ሁለት ጫፎች ናቸው። የግርጌው ምልክት ቢቀር አንባቢው የደንበኛው ሒሳብ በገጽ 14 ያለቀ ይመስለዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ዕዳ ይጠፋል። የራስጌው ምልክት ቢቀር ደግሞ ገጽ 87 የማን ቀጣይ እንደ ሆነ ስለማይታወቅ አንዱ ደንበኛ እንደ ሁለት ሰው ሊቆጠር ይችላል። በመጀመሪያው ስሕተት ነጋዴው ይከስራል፤ በሁለተኛው ደንበኛው ይበደላል። በሁለቱም ዱቤ የቆመበት መተማመን ይናጋል።

በዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ሌጀሩ የሚጠቀመው በገጽ ቁጥር አይደለምን? አዎን፣ ነው። ነገር ግን በተጠረዘ ደብተር ውስጥ ገጽ አይጨመርም፣ አይቀነስም። «87» እዚያ የብዛት ቁጥር ሳይሆን ለዚያ ቅጠል የወጣለት ቋሚ ስም ነው። ቅጠሎቹ በሚወልቁበትና በሚጨመሩበት መዝገብ ግን ይህ ስም ወደ ተራ ብዛት ይለወጣል፤ ያኔም መታመኑ ይቀራል። በቋሚ ስምና በጊዜያዊ ብዛት መካከል ያለውን ይህን ልዩነት መለየት ለሚከተለው ሁሉ መሠረት ነው።

የመዝገብ መያዝ ግዴታ በሕግም የታወቀ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ነጋዴዎች የሒሳብ መዝገብ እንዲይዙ ደንግጎ ነበር። የዚያ ሕግ ስለ ነጋዴዎችና ስለ ንግድ ማኅበራት የሚናገረው ክፍል በንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ተተክቷል።

4. የቤት ቁጥር

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ሲወጣ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትም ተቋቋሙ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት የአዲስ አበባ ነዋሪ አድራሻ በሦስት ደረጃ የሚነገር ሆነ፤ ከፍተኛ፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር። የቀበሌው ጸሐፊ በየቤቱ ቁጥር የቤተሰቡን ማኅደር ይይዛል። የነዋሪነት መታወቂያ የሚሰጠው፣ ስኳርና ሳሙና በኅብረት ሱቅ የሚከፋፈለው በዚሁ መዝገብ መሠረት ነበር። በዚያ ዘመን ከመዝገብ መዘለል የጽሕፈት ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ ከወሩ ድርሻ መቅረትም ነበር።

ሥርዓቱ ሁለት ጥሩ ጠባዮች ነበሩት። በአንድ በኩል የቤቱን ቁጥር ለሚያውቅ ማኅደሩ ወዲያው ይገኛል። በሌላ በኩል የአንድ ቀበሌ ቤቶች ሁሉ በአንድ ሥፍራ በቁጥር ተራ ስለሚቀመጡ ዛሬ እስከ አንድ ቤት ድረስ የደረሰ መዝጋቢ ነገ ከዚያው ቤት ቀጥሎ ይጀምራል። ሆኖም ድክመቶቹ ከጊዜ ጋር ታዩ። በሁለት ቁጥሮች መካከል አዲስ ቤት ሲሠራ የሚሰጠው ቁጥር ታጣ። በብዙ የከተማችን ሰነዶች ላይ «የቤት ቁጥር፦ አዲስ» ተብሎ ተጽፎ የሚታየው ከዚህ የተነሣ ነው። «አዲስ» ግን መለያ አይሆንም። ሁለት ቤቶች በአንድ ቀበሌ «አዲስ» ከተባሉ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ለይቶ ማውጣት አይቻልም። ከዚህም በላይ የአስተዳደሩ ክፍፍል ተለዋወጠ። ከፍተኛ የሚባለው ቀረ፤ ክፍለ ከተማ ተተካ፤ ቀበሌ በወረዳ ተጠቃለለ። መለያው በአስተዳደር ወሰን ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ወሰኑ በተለወጠ ቁጥር ነዋሪው ከቤቱ ሳይንቀሳቀስ አድራሻው ተለወጠበት።

በ2015 ዓ.ም. የወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት የሰጠው የፋይዳ ቁጥር ከዚህ ችግር የራቀ ነው። ቁጥሩ 12 አኃዝ አለው፤ ባለቤቱ የት እንደሚኖር ወይም የማን ልጅ እንደ ሆነ አይናገርም፤ ስለዚህ ቤት ቢለወጥ፣ ወረዳ ቢለወጥ ቁጥሩ አይለወጥም። አንድን ሰው ለማግኘት ይህ የላቀ ነው። ነገር ግን ከቁጥሩ ብቻ በመነሣት «በዚህ ቤት የሚኖሩትን ሁሉ በተራ አሳየኝ» ለሚል ጥያቄ መልስ አይገኝም፤ ለዚያ ሌላ ማውጫ ያስፈልጋል። አንዱን ማግኘትና የሚዛመዱትን ሁሉ መዘርዘር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የኮምፒዩተሩ ዘመንም የተፈተነው በዚሁ ነው።

5. የኮምፒዩተሩ ገጽ

ኮምፒዩተር ብዙ መዝገብ ሲይዝ እርሱም ገጽ ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ1972 ሩዶልፍ ባየርና ኤድዋርድ ማክራይት ባሳተሙት ጥናት ሰፊ የሆነ ባለ ተራ ማውጫ በዲስክ ላይ እንዴት እንደሚደራጅ አሳዩ። የማውጫውን ክፍልፋዮች የጠሩትም «ገጽ» ብለው ነበር። አንዱ ገጽ ሲሞላ ለሁለት ይከፈላል፤ ተራው ግን አይፋለስም። በእነርሱ ዘዴ አንድን መዝገብ ማግኘትም ሆነ ከእርሱ ቀጥሎ ያሉትን መዘርዘር ይቻላል።

ከዚህ ጎን ለጎን ቀለል ያለ ሌላ ዓይነት ቋት አደገ፤ የቁልፍና እሴት ቋት ይባላል። በዚህ ቋት እያንዳንዱ መዝገብ አንድ መለያ ቁልፍ አለው፤ ቁልፉን ላቀረበ እሴቱ ይሰጠዋል፤ ከዚህ በቀር ቋቱ ስለ እሴቱ ይዘት እምብዛም አይጠይቅም። ከቀደምቶቹ አንዱ ኬን ቶምፕሰን በቤል ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1979 ያዘጋጀው ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ አማዞን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ዳይናሞ ስለ ተባለው ቋቱ ጥናት አወጣ። ከኩባንያው አገልግሎቶች ብዙዎቹ፣ ለምሳሌ የገዢው የዕቃ ቅርጫት፣ በአንድ ቁልፍ አንድ እሴት ከማግኘት ያለፈ ፍላጎት የላቸውም የሚል ነበር መነሻው። ከእርሱ ልምድ ተነሥቶ ዳይናሞ ዲቢ የተባለው አገልግሎት እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ለሕዝብ ቀረበ።

በዚህ አገልግሎት ውስጥ የሚዛመዱ ብዙ መዝገቦች የሚያዙበት መንገድ ለመርካቶ ሰው እንግዳ አይደለም። ቁልፉ ሁለት ክፍል ሊኖረው ይችላል። የመጀመሪያው ክፍል መዝገቦቹ የሚሰበሰቡበትን ወገን ይለያል፤ እርሱ እንደ ተራው ነው። ሁለተኛው በወገኑ ውስጥ ቅደም ተከተላቸውን ይወስናል፤ እርሱ እንደ ሱቁ ቦታ ነው። የአንድ ደንበኛ ግዢዎች ሁሉ በደንበኛው መለያ ሥር ይሰበሰባሉ፤ በመካከላቸው ግን በቀናቸው ይደረደራሉ። ሁሉን ግዢ በአንድ እሴት ውስጥ አጭቆ መያዝ አያዛልቅም፤ አንድ መዝገብ ከ400 ኪሎባይት መብለጥ አይፈቀድለትም። የዱቤ ደብተሩ ገጽ እንደሚሞላ እርሱም ይሞላል።

ዝርዝሩ ሲጠየቅ ቋቱ በአንድ ጊዜ ከ1 ሜጋባይት በላይ አያነብም። የቀረ ካለ ከመልሱ ጋር በመጨረሻ የደረሰበትን ቁልፍ ጽፎ ይሰጣል። ጠያቂው በሚቀጥለው ጊዜ ያንን ቁልፍ መልሶ ሲያቀርብ ንባቡ ከዚያ ቀጥሎ ካለው ይጀምራል። ይህ ቁልፍ ሌላ ሳይሆን «ወደ … የዞረ» የሚለው የሌጀሩ የግርጌ ጽሕፈት ነው። «አምስት መቶ መዝገቦች ዝለልና ቀጥል» የሚል ትእዛዝ በዚህ አገልግሎት የለም። በሌሎች የመረጃ ቋቶች ይኸው ትእዛዝ ይገኛል፤ ነገር ግን ቋቱ የሚዘለሉትን ሁሉ እየቆጠረ ስለሚያልፍ ገጹ በራቀ ቁጥር ድካሙ ይበዛል።

ከዚህ አሠራር ጋር አንድ የተለየ ጥንቃቄ ተያይዟል። ጠያቂው «ያልተከፈሉትን ብቻ» ብሎ ማጣሪያ ቢያደርግ ቋቱ በመጀመሪያ ያነብባል፤ ከዚያ በኋላ ያጣራል። ስለዚህ በአንድ ገጽ የተነበቡት ሁሉ የተከፈሉ ከሆኑ ገጹ ባዶ ሆኖ ይመለሳል፤ የመቀጠያው ቁልፍ ግን አብሮት አለ። ባዶ ገጽ አይቶ መጽሐፉ አለቀ ብሎ የሚዘጋ ሰው ከባዶው ወዲያ ያሉትን ዕዳዎች ሁሉ ያጣል። ማለቁን የሚያመለክተው የገጹ ባዶነት ሳይሆን የመቀጠያው ቁልፍ አለመኖር ነው።

ቋቱ ተራ በማይጠብቅበት ጊዜ የሚሰጠው ዋስትናም ይለያል። ሬዲስ የተባለው ቋት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የመቃኛ ትእዛዝ ከንባቡ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው በቋቱ ውስጥ የቆየ መዝገብ ሁሉ ሳይዘለል እንደሚቀርብ ያረጋግጣል። አንድ መዝገብ ግን ሁለት ጊዜ ሊመጣ ይችላል። መዝለል ይከለከላል፤ መደገም ይፈቀዳል፤ የተደገመውን መለየት የአንባቢው ፋንታ ነው። አውቆ የተመረጠ ሚዛን ነው፤ የተደገመ ይለያል፣ የተዘለለ ግን መኖሩ እንኳ አይታወቅም።

6. የፊደላችን ተራ

በመጨረሻ የተነበበውን መለያ ይዞ መቀጠል የሚጠቅመው ተራው የጸና ሲሆን ነው። በአገራችን ይህ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲገባ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቦታ ይዘው ገቡ። በዚያ ተራ መሠረት «ሀይሉ» በዝርዝሩ መጀመሪያ ይገኛል። «ሐይሉ» በ«ለ» የሚጀምሩት ስሞች ካለቁ በኋላ ይመጣል፤ «ኃይሉ» ደግሞ በ«ተ» ከሚጀምሩት ስሞች በኋላና በ«ነ» ከሚጀምሩት በፊት ይውላል። አንድ ሰው ስሙ በሦስት ጸሐፊዎች በሦስት መንገድ ቢጻፍ በሦስት እጅግ በተራራቁ ገጾች ላይ ይበተናል።

የስማችን ሥርዓትም የራሱን ጥንቃቄ ይጠይቃል። የቤተሰብ ስም ስለሌለን ዝርዝር የሚደረደረው በራስ ስም ነው፤ በአንድ ስም የሚጠሩ ሰዎችም ብዙዎች ናቸው። «ከከበደ ቀጥል» የሚል ምልክት በመዝገቡ ውስጥ አሥር ከበደዎች ካሉ ከየትኛው እንደሚቀጥል አይታወቅም። የአባትና የአያት ስም ተጨምሮም ሁለት ሰዎች ሊገጣጠሙ ስለሚችሉ በመጨረሻ የማይደገም ቁጥር ሊታከል ይገባል። እንዲሁም ተራው በሚለዋወጥ ነገር ላይ፣ ለምሳሌ በዕዳ መጠን ላይ፣ ከተመሠረተ ንባቡ በመካሄድ ላይ ሳለ የከፈለ ሰው ወደ ኋላ፣ የተበደረ ሰው ወደ ፊት ይዘዋወራል፤ ምልክቱም ከንቱ ይሆናል።

7. ለትምህርት ክፍል

ከላይ የተዘረዘረውን ለማስተማር ኮምፒዩተር መኖሩ ይጠቅማል እንጂ ግዴታ አይደለም። ለዕጩ መምህራንና ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች የሚከተለው ሙከራ በቂ ነው። የ40 ሰዎች ስም በ40 ካርዶች ላይ ይጻፍና በፊደል ተራ ይደርደር። ሁለት አንባቢዎች ይመረጡ። ሁለቱም በአንድ ገጽ 10 ካርዶች ያነብባሉ። አንደኛው የሚያስታውሰው ያነበበውን ብዛት ነው፤ ሁለተኛው የሚያስታውሰው በመጨረሻ ያነበበውን ስም ነው። ሁለቱም የመጀመሪያዎቹን 10 ካርዶች እንዳነበቡ መምህሩ 4ኛውን ካርድ ያንሣ።

ብዛት የሚያስታውሰው አንባቢ 10 ካርዶች ዘልሎ ሲቀጥል የቀድሞው 11ኛ ካርድ ወደ 10ኛ ቦታ ስለ ወረደ ሳይነበብ ይቀራል፤ ንባቡ ከቀድሞው 12ኛ ይጀምራል። ስም የሚያስታውሰው ግን ከ10ኛው ሰው ቀጥሎ ያለውን ይጠይቃል፤ 11ኛውንም ያገኘዋል። 4ኛው ቀርቶ 10ኛው ራሱ ቢነሣ እንኳ በፊደል ተራ ከእርሱ ስም በኋላ የሚመጣውን ማግኘት አያዳግትም። በተቃራኒው ከፊት አንድ ካርድ ቢጨመር በብዛት የሚሄደው አንባቢ 10ኛውን ሰው ሁለት ጊዜ ያነብበዋል።

ከሁሉ ይልቅ ተማሪዎች ሊያስተውሉት የሚገባ ድምሩ ነው። 4ኛው ካርድ ከተነሣ በኋላ በመዝገቡ የቀሩት 39 ናቸው። በብዛት የሄደው አንባቢ መጀመሪያ 10፣ በኋላ 29፣ በድምሩ 39 አንብቧል። ቁጥሩ ገጠመ፤ ተቆጣጣሪ ቢመጣ ስሕተት አያገኝበትም። ነገር ግን ካነበባቸው ውስጥ አንዱ በመዝገቡ የሌለ ነው፤ በመዝገቡ ካሉት ውስጥ ደግሞ አንዱ አልተነበበም። ድምሩ ልክ ነው፤ ሰውየው ግን የለም። በስም የሄደው አንባቢ 40 አንብቧል፤ ከ39ኙ ጋር አይገጥምም፤ ልዩነቱ ግን የተነሣው ካርድ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። የሚገጥመው ድምር የሳተ፣ የማይገጥመው ድምር የታመነ ሆኖ የሚገኝበት ይህ ምሳሌ ተማሪው በድምር ብቻ እንዳይረካ ያስተምረዋል።

የዚህም ዘዴ ወሰን መነገር አለበት። በስም የሚቀጥል አንባቢ ካለፈው ምልክት በፊት አዲስ የገባውን ሰው በዚያው ዙር አያየውም። ስለዚህ መዝገቡ በሚነበብበት ጊዜ የገቡት ተለይተው እንዲያዙ ወይም ሌላ ዙር እንዲነበብ ማድረግ ያስፈልጋል። ዘዴው የሚያረጋግጠው ከንባቡ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተራውን ሳይለቅ የቆየ ሰው እንዳይዘለል ነው።

ማጠቃለያ

አውሳብዮስ ገጽን ትቶ ክፍልን ቆጠረ፤ ደጓሹ ለጥራዙ ቁጥር ሰጠው፤ ነጋዴው በገጽ ግርጌ «የዞረ» ብሎ ጻፈ፤ የቀበሌው መዝጋቢ ከደረሰበት ቤት ቀጥሎ ጀመረ፤ ዘመናዊው ቋትም የመጨረሻውን ቁልፍ ለጠያቂው አስጨበጠ። መሣሪያዎቹ የተለያዩ ቢሆኑም ሁሉም ያስገኙት መልስ አንድ ዓይነት ነው። መዝገብ በገጽ ሲከፈል መጋጠሚያውን የሚጠብቀው ከመዝገቡ ራሱ የተወሰደ ቋሚ መለያ ነው።

የኮምፒዩተር ትምህርት በየደረጃው እየገባ በመጣበት በአሁኑ ጊዜ የመረጃ ቋት ትምህርት እንደ ባዕድ ዕውቀት ብቻ እንዲቀርብ የሚያስገድድ ምክንያት የለም። ተማሪው «ተራ» የሚለውን ቃል ያውቃል፤ የዱቤ ደብተር ሳያይ ያደገ ልጅም ብዙ አይደለም። መምህሩ ከዚህ ቢነሣ ተማሪው አዲሱን ነገር በሚያውቀው ላይ ይገነባል። ከሁሉም በላይ ነገ በወረዳ፣ በባንክ፣ በሆስፒታልና በትምህርት ቤት መዝገብ የሚይዘው ይኸው ተማሪ ነው። ስንት መዝገብ አነበብኩ ከማለቱ በፊት ማን ላይ ደረስኩ ብሎ መጠየቅን ከተለማመደ በገጽና በገጽ መካከል የሚወድቅ ሰው ቁጥር ይቀንሳል።